«ቤቶች!» ሳይሉ ኮፈን አይነኩ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ክረምቱ አልፎ መንገዱ ሲደርቅ ጅማ ውስጥ ከየግቢው የድሮ መኪኖች ብቅ ብቅ ይላሉ። ቮልስ፣ ፊያት 600፣ ፔዦ 404፣ አጭሩ ላንድሮቨር ታጥበው ሜዳ ላይ ሲሰለፉ ሰዉም ይሰበሰባል። የሚደርሱን ደብዳቤዎች ግን ስለ መኪኖቹ ብዙም አያወሩም። ጎብኚው ባለመኪናውን፣ ባለመኪናው ጎብኚውን ይከሳል። በዚህ እትም ከሁለቱም ወገን ተቀብለናል።

«አንድ ነጭ ቮልስ ላይ ቀይ አቧራ ሰፍሮ አየሁና አሳዘነኝ፤ በሹራቤ እጅጌ ጠረግሁለት። ባለቤቱ ሌባ እንደያዘ ሰው ጮኸብኝ። ደግ ሠርቼ ለምን እሰደባለሁ?» — ከፈረንጅ አራዳ

ስድቡ ልክ አልነበረም፤ ድንጋጤው ግን ልክ ነው። አቧራ ዱቄት ይመስላል እንጂ ውስጡ ደቃቅ አሸዋ አለው። በደረቅ ጨርቅ ሲገፉት አሸዋው በጨርቁና በቀለሙ መካከል ተይዞ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቃል። ጥላ ውስጥ ምንም አይታይም። መኪናው ፀሐይ ላይ ሲወጣ ግን የሸረሪት ድር የመሰለ ጭረት ክብ ክብ ሠርቶ ይወጣል። እጅጌው ቁልፍ ወይም ዚፕ ካለው ደግሞ ሌላ ጉድ ነው።

አዲስ መኪና ላይ ይህ ያን ያህል አያስጨንቅም፤ ከቀለሙ በላይ መስታወት የመሰለ ግልጽ ሽፋን ስላለው ጭረቱ እዚያ ላይ ይቀራል። የእነዚያ ዘመን መኪኖች ግን በአብዛኛው ይህ ሽፋን የላቸውም፤ ቀለሙ ራሱ የመጨረሻው ልብስ ነው። ቀይ መኪና ፖሊሽ ሲደረግ ጨርቁ ቀይ ሆኖ የሚወጣው ለዚህ ነው። ስለዚህ ጭረቱን ለማጥፋት በታሸ ቁጥር ቀለሙ ይሳሳል። ቀድሞ የሚያልቀውም ጠርዙ ላይ ነው፤ የኮፈኑ ጫፍ፣ የበሩ ማዕዘን፣ የፓራፋንጎው (የጎማ መሸፈኛው ላሜራ) እጥፋት። ሳስቶ ካለቀ ደግሞ መድኃኒቱ አዲስ ቀለም ብቻ ነው።

ሰው ቤት ስንሄድ በሩ ወለል ብሎ ቢከፈት እንኳ ደጅ ቆመን «ቤቶች!» እንላለን። ለመኪናም እንዲሁ ነው። አቧራውን ካዩ «አቧራ ሰፍሮበታል፣ ጨርቅ አለህ?» ይበሉት፤ ባለቤቱ ራሱ ይጠርገዋል።

ለባለቤቱም የምንለው አለ። ጅማ ውስጥ መኪና አቁሞ አቧራ እንዳይሰፍርበት መመኘት የማይሆን ነው፤ ተዘጋጅቶ መምጣት ይሻላል። አንድ ሊትር ውሃ የሚይዝ መርጫ ጠርሙስ፣ ውስጡ ግማሽ የሻይ ማንኪያ የሕፃን ሻምፖ፣ ሦስት ንጹሕ ማይክሮፋይበር ጨርቅ ይበቃል። ረጭተው ግማሽ ደቂቃ ይጠብቁ፤ ሳይጫኑ፣ ሳያሽከረክሩ፣ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ይሳቡ። ጨርቁ ለአራት ሲታጠፍ ስምንት ገጽ ይወጣዋል፤ አንዱ ገጽ አንዴ ከሳበ ወደ ሌላው ይገልብጡ። መሬት የወደቀ ጨርቅ ለዚያ ቀን አበቃለት። አቧራው በጣት የሚጻፍበት ያህል ከወፈረ ግን መርጫው አያዋጣም፤ ከላይ ወደ ታች በባልዲ ውሃ ማፍሰስ ነው።

«27 ዓመቴ ነው፤ ከአባቴ የወረስኩት አጭር ላንድሮቨር አለኝ። ትልልቅ ሰዎች «ላሜራ ማለት ይሄ ነበር!» እያሉ ፓራፋንጎውን በቡጢ ይደበድቡታል። አንደኛው ማግኔት ለጥፈው አልያዝ ቢላቸው «በስቱኮ (በመሙያ ልስን) ተሞልቷል» ብለው በሰው ፊት አዋረዱኝ። ትልቅ ሰው «አይንኩ» ማለት ደግሞ ይከብደኛል።» — ከሕርማታ

ወንድማችን፣ «አይንኩ» አትበል። ከልጅ አፍ ወጥቶ በትልቅ ሰው ጆሮ ሲገባ ግሳጼ ይሆናል። ቀድመሃቸው ተንቀሳቀስ። ወደ መኪናው ሲመጡ ካየህ ሁለት ሦስት እርምጃ ሄደህ ተቀበላቸው፤ እጃቸውን በሁለት እጅህ ጨብጥ። በሰላምታ የተያዘ እጅ ቡጢ አይሆንም። ጋሼ የሚባሉትን ጋሼ፣ ኦቦ የሚባሉትን ኦቦ ብለህ «እርስዎ ነድተዋት ያውቃሉ?» ብለህ ጠይቅ።

ከዚያ የሾፌሩን በር ከፍተህ ወደ ማርሾቹ አሳያቸው። ከዋናው ማርሽ አጠገብ ራሷ ቢጫ የሆነች አጭር ዘንግና ራሷ ቀይ የሆነች ሌላ ዘንግ አሉ። ቢጫዋ ስትጫን አራቱን ጎማ ታያይዛለች፤ ቀይዋ ለጭቃና ለዳገት ወደ ከባዱ ማርሽ ታስገባለች። አንተ አትንገራቸው፤ «ቢጫዋ ምን ነበረች ጋሼ?» በላቸው። የነዱት ከሆነ እጃቸው ራሱ ያስታውሳል። መሪዋ በቀኝ ከሆነም ጨዋታው አያልቅም፤ አገራችን ከግራ ወደ ቀኝ መንዳት የዞረችው በ1956 ዓ.ም. ነውና የዚያን ሰሞን ግራ መጋባት የሚያወራ ሰው አይጠፋም።

አሁን ወደ ማግኔቱ። ላንድሮቨር እ.ኤ.አ. በ1948 ሲወጣ ከጦርነቱ በኋላ ብረት እንደ ልብ ስለማይገኝ አካሉ የተሠራው ከአሉሚኒየም ቅይጥ ነው፤ ከዚያም ወዲህ በዚያው ቀጠለ። አሉሚኒየም ደግሞ ማግኔት አይዝም። ስለዚህ ፓራፋንጎው ላይ ማግኔት አለመያዙ የስቱኮ ምልክት ሊሆን አይችልም። ማግኔት የሚይዘው ሻንሲው (ከሥር ያለው አጽም) እና በሞተሩና በጋቢናው መካከል ያለው ግድግዳ ነው፤ ብረት ናቸው፤ ዝገትም የሚፈለገው እዚያ ነው። ይህን በጨዋታ መሀል «ጋሼ፣ ማግኔቱን እስቲ እዚህ ሻንሲው ላይ ይሞክሩት» ብለህ አሳያቸው። ማንም ሳይዋረድ እውነቱ ይታወቃል።

ለሚደበድቡትም አንድ ቃል፦ አሉሚኒየም ለስላሳ ነው፤ በጉልበት ከተመታ ይጎደጉዳል፤ የጎደጎደውን ማስተካከል ከብረት ላሜራ የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ስቱኮ ያለበትን የብረት መኪና ቢደበድቡም ስቱኮው ይሰነጠቃል። በቡጢ የሚታወቅ ጥራት የለም።

«መኪናውን አይቼ ዋጋውን ብጠይቅ ባለቤቱ ፊቱን አዞረብኝ። ዋጋ መጠየቅ ነውር ነው?» — ከመርካቶ

ቡና በሚሸጥበት ከተማ ዋጋ መጠየቅ ነውር አይሆንም፤ ቦታውን ግን ይመርጣል። መስታወቱ ላይ «ይሸጣል» የሚል ወረቀት ካለ ይጠይቁ። ከሌለ በቅድሚያ «ማሻአላህ» ወይም «ይባርክልህ» ይበሉ፤ ሳይመርቁ ዋጋ መጠየቅ ዓይን ለመጣል የመጣ ያስመስላል። በእርግጥ መግዛት ከፈለጉ ባለቤቱን ለብቻው ገለል አድርገው ያነጋግሩት፤ ሊብሬውንም በዚያን ጊዜ ይጠይቁ፣ የሻንሲ ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር ለማስተያየት። ሳይፈቀድልዎ ሊብሬም ታርጋም በስልክ አያንሱ።

«እስቲ አስነሣትና ድምጿን እንስማ ብንለው እምቢ አለ። ያቺ መኪና አትሠራም ማለት ነው?» — ሦስት ጓደኛሞች፣ ከአጂፕ ሰፈር

ላትሠራ ትችላለች። ብዙ ጊዜ ግን እምቢታው ሌላ ምክንያት አለው።

ካርብሬተር (ቤንዚንና አየር መቀላቀያ) ያለው ሞተር ቀዝቅዞ ሲነሣ ቾክ ይሳብለታል፤ ማለትም ቤንዚኑ በዝቶ አየሩ ያንሳል። ተርፎ ያልተቃጠለው ቤንዚን የሲሊንደሩን ግድግዳ ዘይት ያጥባል፣ ካንዴላውን ያጠቁራል። ከቃጠሎው የሚወጣው እንፋሎትም በቀዝቃዛው ማርሚታ (የጭስ ማውጫ) ውስጥ ውሃ ሆኖ ይቀራል፤ ማርሚታ ከውስጥ የሚበሰብሰው በዚህ ነው። መኪናው ሃያ ደቂቃ ያህል ቢነዳ ሁሉም ተኖ ይወጣል። ለሁለት ደቂቃ ድምፅ ተነሥቶ ቢጠፋ ግን አይወጣም፤ እንግዳ በመጣ ቁጥር ከተነሣ ደግሞ በቀን አሥር ጊዜ ነው። በዚያ ላይ የእነዚህ መኪኖች ጭስ አይጣራም፤ ሰው ጥቅጥቅ ባለበት፣ ሕፃናት ማርሚታው ቁመት ላይ በቆሙበት ማስነሣት ጥፋት ነው።

ከአዲስ አበባ የመጣ መኪና ከሆነ ደግሞ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዟል፤ ጊቤ ሸለቆ ወርዶ ወጥቷል። ፍሬኑ ይሸታል፣ ሞተሩ ይፋጃል። ሰውየው ፊቱን ታጥቦ ቡና እስኪቀምስ መኪናውን ባይከቡት ደግ ነው። በተለይ የራዲያተሩን ክዳን ማንም አይንካ። ጅማ ከባሕር ወለል 1,700 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃ እዚህ የሚፈላው በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ በክዳኑ ግፊት ታፍኖ የቆየ ውሃ ክዳኑ ሲከፈት ወዲያው ፈልቶ ፊት ላይ ይረጫል። «ሞተሩ ከኋላ ነው፣ ራዲያተር የለውም» የሚባለው ለቮልስ ይሠራል፤ ቮልስ በአየር ነው የሚቀዘቅዘው። ፊያት 600 ግን ሞተሩ ከኋላ ቢሆንም በውሃ ይቀዘቅዛል፣ ራዲያተርም አለው። ሁለቱን የሚያምታታ ብዙ ነው።

ስለዚህ «አስነሣት» ሳይሆን «መቼ ነው የምታስነሣት?» ብላችሁ ጠይቁ። ባለመኪኖችም ሰዓት ቆርጠው ቢጽፉ ጥሩ ነው፤ ለምሳሌ ከቀትር በፊት አንዴ፣ ሲወጡ አንዴ፣ ሰዉን ከኋላ ገለል አድርገው። ቀዝቃዛ ሞተር ላይ ቤንዚን እየረገጡ ማስጮህ ግን ጎብኚ ቢለምንም አይደረግ። ዘይቱ ገና ወደ ላይ አልደረሰም።

«የ6 ዓመት ልጄ ቮልስ ውስጥ ልቀመጥ ብሎ አለቀሰ። ባለቤቱ ፈቀደ፤ ግን ልጁ በሩን ሲዘጋ ሰውየው ተሳቀቀ። ከመግባቱ በፊት ምን ልንገረው?» — እናት፣ ከጅሬን

እናቴ፣ ፈቃድ መጠየቅዎ ግማሹን ጨርሶታል። የቀረውን በቅደም ተከተል፦ ጫማውን ከምንጣፉ ውጭ ያራግፍ፤ ኪሱ ውስጥ ቁልፍ ወይም መጫወቻ እንዳይኖር ይፈትሹ። መጀመሪያ ቂጡን ወንበሩ ላይ ያሳርፍ፣ ከዚያ እግሮቹን ያስገባ። ሲነሣ መሪውን እንደ መሰላል አይሳብ፤ የዚያ ዘመን መሪ የሚሰነጠቅ ፕላስቲክ ነው።

በሩን በተመለከተ፣ ቮልስ ከመጠን በላይ ድፍን ናት። መስኮቶቹ ሁሉ ተዘግተው በሩ ሲገፋ ውስጥ የታፈነው አየር መልሶ ይገፋዋል። የማያውቅ ሰው «አልዘጋ አለኝ» ብሎ ያንኳኳዋል፤ ባለቤቱም ይሳቀቃል። መላው ቀላል ነው፦ መስኮቱን ሦስት ጣት ያህል ዝቅ ማድረግ። በሩ በሁለት ጣት ይዘጋል።

የኋላ ወንበር ላይ ግን ከባድ ሰው እንዳይቀመጥ። የቮልስ ባትሪ ከኋላ ወንበር ሥር ነው። የባትሪው ክዳን ከጠፋ የወንበሩ ሞላ ሲጫን የባትሪውን ጫፍ ይነካና ብልጭታ ይፈጥራል፤ ወንበሩ በአሮጌ ቃጫ የተሞላ ከሆነ ወዲያው ይያዛል። ባለቤቱ ለሰልፍ ሲያቆም የባትሪውን ኔጌቲቭ ገመድ ቢፈታ ይህም ይቀራል፣ ልጆችም መብራትና ክላክስ ሲነካኩ ችግር የለም። የድሮ ፍሬን ስለማይታመን ከጎማው ፊትና ኋላ ድንጋይ ወይም ሽብልቅ ይደረግ። ፔዦ 404 ማርሹ መሪው ሥር ስለሆነ ልጅ በጨዋታ ስቦ ሊያወጣው ይችላል።

ልጅዎ ወደ ፊያት 600 ከሄደ ደግሞ በሩን ራስዎ ይክፈቱለት። እ.ኤ.አ. እስከ 1964 የተሠሩት በራቸው የሚከፈተው ከፊት ወደ ኋላ ነው፤ ማጠፊያው ከኋላ ስለሆነ ጣት የሚቆነጠጥበት ቦታ ከለመድነው ጋር አይገጥምም።

«ቮልሴን ኤሌክትሪኩን ከ6 ወደ 12 ቮልት ቀይሬዋለሁ፤ ሞተሩም የራሱ አይደለም። በየሰልፉ ስልክ የያዘ ልጅ መጥቶ በሰው ፊት «ኦርጂናል አይደለም» ይለኛል። ምን ልበለው?» — ከቦሳ አዲስ

እርስዎ ቀድመው ይንገሩት። ግማሽ ገጽ ወረቀት ላይ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ የተሠራበትን ዓመት፣ የሞተሩን ሲሲ፣ ምን እንደተቀየረና ለምን፣ ከእርስዎ በፊት በማን እጅ እንደነበረች፣ ይነካል ወይስ አይነካም የሚለውን ጽፈው ከመስታወቱ ውስጥ ያቁሙ። «6 ቮልት አምፖል ስለጠፋ ተቀይሯል» የሚል ወረቀት ፊት ቆሞ «ኦርጂናል አይደለም» የሚል ሰው ራሱ ያፍራል።

ለልጁም መልስ አለን። እዚህ አገር ዕቃ ከውጭ ማስመጣት ከባድ በነበረባቸው ዓመታት መኪኖቹን በሕይወት ያቆየው የጋራዡ ብልሃት ነው። ያልተቀየረ ብቻ ይቁም ቢባል ሜዳው ላይ የሚቀረው ጥቂት ነው። ዕውቀቱን ማሳየት ከፈለገ በጥያቄ ያሳይ፦ «መብራቷ ወደ ኋላ ያጋደለ ነው፣ እ.ኤ.አ. ከ1968 በፊት የተሠራች ናት ማለት ነው?» ቢል ባለቤቱ ደስ ብሎት ኮፈን ይከፍትለታል። ፍርድ ይዞ የሚመጣ ግን ኮፈኑን ተዘግቶ ያየዋል።

«ዝናብ ሲመጣ ሰዉ ሲገፋፋ የጃንጥላዬ ጫፍ የአንድ ፔዦ ጣሪያ ላይ ሲጭር ሰማሁት። ፈርቼ ሄድኩ። ሳምንት ሆነኝ፣ እንቅልፍ የለኝም።» — ከቆጪ

ይሂዱና ይንገሩት። ባለቤቱን ካላወቁ ሰልፉን ያዘጋጁት ያውቁታል። «ያን ቀን ጣሪያው ላይ የጫርኩት እኔ ነኝ» ብሎ መጀመር ብቻ ነው፤ ሕዝቡ ገፋኝ፣ ዝናቡ ነው የሚለው በኋላ ይደርሳል።

ጉዳቱ እንዲህ ይለካል። ቦታው በውሃ ታጥቦ ከደረቀ በኋላ ጥፍር በጭረቱ ላይ በቀስታ በአግድም ይሳብ። ጥፍር ካልያዘው በፖሊሽ ይወጣል። ከያዘው ግን ቀለም ቀቢ ይየው። ከሥሩ የታችኛው ቀለም ወይም ብረት ከታየ ጊዜ አይሰጥም፤ በጅማ እርጥበት የተጋለጠ ብረት በጥቂት ቀናት ይዝጋል። ቀቢ እስኪገኝ ቫዝሊን በስሱ ቢቀባበት ውሃውን ይከለክላል፤ ቀቢው በኋላ አጥቦ ያነሣዋል። በምራቅና በጣት ማሸት ግን ጭረቱን ያሰፋዋል እንጂ አያጠፋውም።

በክፍያው ላይ ሁለታችሁም ልክ ይኑራችሁ። ፀሐይ የበላው የድሮ ቀለም ከጣሳ ከሚወጣው አዲስ ቀለም ጋር አይገጥምም፤ ስለዚህ ጭረቷን ብቻ ነጥብ አድርጎ መቀባት ያስቀይማል፣ ቁራጩ እስከ ጠርዙ ድረስ መቀባት ሊኖርበት ይችላል። ይህን ያህሉን ባለቤቱ ቢጠይቅ መብቱ ነው። በአንድ ጭረት ሰበብ መኪናውን በሙሉ ላስቀባ ቢል ግን አይሆንም። ዋጋውን መንገደኛ ሳይሆን ቀቢው ይቁረጠው፤ ካልተስማማችሁ ሁለታችሁ የምታከብሩት ሽማግሌ ይግባ።

ባለመኪኖችም ከዚህ ይማሩ፦ መኪኖች ክንድ ለክንድ ከተደረደሩ ዝናብ ሲመጣ ሰው የሚሸሸው በመካከላቸው ነው። ቢያንስ ሜትር ተኩል ይተው። ዝናቡ ሲጀምር አቧራ የሰፈረበት መኪና ላይ ሸራ አይጎትቱ፤ እርጥብ አቧራ ላይ የሚሳብ ሸራ ከጃንጥላው የባሰ ነው። ዝናቡ ቢመታው ይሻላል።

«ቡናዬን ኮፈኑ ላይ ባስቀምጥ ምን ይሆናል?» — ስም አልጠቀሰም

የስኒው ቂጥ ክብ ይጭርበታል፤ ከፈሰሰ ስኳሩ ይጣበቃል፣ ቡናው ፀሐይ ላይ ከደረቀ ምልክት ይተዋል። ፈስሶ ከሆነ ሳያሹ ውሃ ያፍሱበት። ለእርጥብ ጫት እስርም ያው ነው። ባለቤቱ መኪናው አጠገብ ሁለት በርጩማ ቢያኖር ስኒው የሚያርፍበት ያገኛል።